አላውቀውም ያለኝ ወዳጄ

እኔ ጥጥ ፈታይ ነኝ። ይህን ስናገር ሳልጨርስ የሚስቅ ሰው ሞልቷል፤ በአገራችን ወንድ ይሸምናል እንጂ አይፈትልም። አባቴ ዘምቶ ሳይመለስ ቀረ፤ እናቴም ከእኔ ሌላ ልጅ አልነበራት። የካ ተራራ ሥር ባለችው ጎጇችን ከጎኗ ቁጭ ብዬ፣ ባዘቶውን ስትስብ፣ እንዝርቱን ስታሽከረክር እያየሁ አደግሁ። መጀመሪያ እንዝርቱን የነጠቅኋት ለጨዋታ ነበር። ኋላ ግን ክሬ ከእሷ ክር ቀጠነ፤ ጎረቤቶቻችን ለሠርግ ነጠላ የሚሆን ጥጥ ይዘው ሲመጡ «ለልጁ ስጪልኝ» ይሏት ጀመር።

ነገሩ መፍተል ብቻ ቢሆን ባልከፋ። አረማመዴም፣ አነጋገሬም፣ ስስቅ አፌን በነጠላዬ መሸፈኔም እንደ ሌሎቹ ወንዶች አልነበረም። እኩዮቼ ጉግስ ሲጫወቱ እኔ ከሴቶቹ ጋር ምንጭ ዳር ነበርሁ። ወንዳገረድ አሉኝ። ስሙ ከልጅነቴ ስለተለጠፈብኝ ሲጠሩኝ ዞር ብዬ «አቤት» እል ነበር። እናቴ ተሳዳቢዎቹን በኦሮምኛዋ ትረግማለች እንጂ እኔን አንድ ቀን «ተው» ብላኝ አታውቅም። የነፍስ አባታችን አንድ ጊዜ «ይህን ልጅ ቶሎ ዳሪው፤ ይለቀዋል» ቢሏት፣ «ምኑ ነው የሚለቀው አባ?» ብላ ጠየቀቻቸው። ከዚያ ወዲህ እኔን ሲባርኩ እጃቸው ይፈጥን ነበር።

ጎልማሳ ስሆን ንጉሡ እንጦጦ ላይ ከትመው ነበር። ተራራው በድንኳንና በጎጆ ተሞላ፤ ጥዱ በየቀኑ ይቆረጣል፤ እኛ ታች ሆነን ጭሱን እናያለን። አንድ ቀን ከአንድ ትልቅ ጌታ ግቢ የጠጅ ቤቱ አለቃ የሆኑ ሴት ክር ፍለጋ ወደ መንደራችን ወረዱ። ሰው ሁሉ እሜቴ ይላቸው ነበር፤ እኔም ከዚያ ሌላ ስም አላወቅሁላቸውም። ልቃቂቱን አገላብጠው አዩና፣

«ይህን የፈተለችው የት አለች?» አሉ።

እናቴ ወደ እኔ አመለከተች። እሜቴ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። አልሳቁም።

«ጋን ማንሳት ትችላለህ?»

«እችላለሁ።»

«ጋኑ ለሴቶቼ ከበዳቸው። ወንድ ሳስገባ ደግሞ ሴቶቼን ያስቸግርብኛል። አንተ ታስቸግራለህ?»

«የለም፣ እሜቴ።»

«እንግዲያው ተነሥ።»

እንዲህ ሆኖ ወደ እንጦጦ ወጣሁ። ጌሾ እወቅጣለሁ፤ ጠጅ አጠላለሁ፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ ጥግ ይዤ እፈትላለሁ። ሴቶቹ ያሾፉብኝ ነበር፤ ግን ሹፈታቸው የእህት ሹፈት ነበር። ሲከፋቸው የሚያለቅሱት እኔ ዘንድ መጥተው ነው። የጌታው እልፍኝ ሳይቀር ሌላ ወንድ በማይገባበት እገባ ነበር። ጌታው ራሳቸው አንድ ቀን ጠጅ ሳቀርብ፣ «አንተን ሲሠራ እግዜር መሐል ላይ ሐሳቡን ለወጠ» ብለው ታዳሚውን ሁሉ አሳቁት። እኔም ሳቅሁ። ያን ጊዜ እንዲህ ያለው ሳቅ መወደድ ይመስለኝ ነበር።

ጌታው ትልቅ አዳራሽ ማሠራት በጀመሩ ጊዜ ከመንዝ አንድ ጠራቢ መጣ። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ እጁ በመጥረቢያ የሻከረ ሰው ነበር። የጠጅ ቤቱ በር ተገንጥሎ ሊጠግነው ገባና እኔን ከእንዝርቴ ጋር ሲያገኘኝ ቆም አለ።

«ፈታዩ አንተ ነህ?» አለኝ።

ሰው ሁሉ በዚያኛው ስም ሲጠራኝ እሱ በሥራዬ ጠራኝ።

«እኔ ነኝ።»

«እስቲ ክርህን አሳየኝ።» ሰጠሁት። ክሩ የሻከረ ጣቱን ያዘው። «በጠስሁብህ እንዴ?» አለ ደንግጦ።

«አልበጠስህም።»

በሩን ለመጠገን ከሚበቃው ጊዜ በላይ ቆየ። በማግስቱም መጣ፤ በሩ ግን ደኅና ነበር።

የእንጦጦ ብርድ አጥንት ይሰብራል። ጠዋት ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ከአዳራሹ ጀርባ፣ ከተከመረው ግንድ ላይ ተቀምጠን አንድ ጋቢ ለሁለት ተከናንበን ከታች ያለውን ሜዳ እናይ ነበር። ፍል ውሃው ከሩቅ እንደ እስትንፋስ ይተናል። እሱ ስለ መንዝ፣ ስለሞተችው እናቱ ይነግረኛል። እኔ ደግሞ እጁን በቅቤ አሸው ነበር። ምን እንደነበርን ስም የለኝም። ባልና ሚስት አይባል፣ ወንድማማች አይባል። እሱ ሲዘገይ እህል አይወርድልኝም፤ ሲመጣ ሆዴ ይባባል። ለእኔ ይህ በቂ ነበር። እሜቴ ብቻ አንድ ቀን ጋን ሳጥብ አጠገቤ ቆመው፣ «ሰው ዓይን አለው፣ ልጄ» አሉኝና ሄዱ።

አንድ የበዓል ቀን፣ ሥራ ስለማይሠራ፣ ለአዳራሹ ምሰሶ የሚሆን ጥድ ለመምረጥ ወደ የካ ጫካ ልንወርድ ተስማማን። እንጦጦ ላይ ደኅና ዛፍ አልቆ ነበር። ዛፍ ለዛፍ እየዞርን፣ እሱ ግንዱን በጥፍሩ መታ መታ እያደረገ ሲያዳምጥ ዋልን። ፀሐዩ ሲጠነክር ጥላ ሥር ተቀመጥንና ቆሎ ስንበላ እንዲህ አለኝ፦

«ባልደራሱ ልጄን ለትዳር ብትጠይቀኝ አልነሣህም አሉኝ።»

ባልደራሱ የጌታው የበቅሎ ቤት አለቃ ናቸው፤ በግቢው የተፈሩ ሰው።

«ምን አልሃቸው?»

«አዳራሹ ይለቅ አልኋቸው።»

«አዳራሹ ሲያልቅስ?»

«ሌላ ቤት የሚያሠራ ጌታ አይጠፋም» ብሎ ሳቀ። ኋላ ሳቁን ተወና ዓይኔን እያየ፣ «እኔ ካንተ ሌላ ሰው የለኝም። ይህን እወቅ» አለኝ።

አወቅሁ። አመንሁም።

ወደ ግቢው ስንመለስ ጀምበር ገና አልጠለቀችም ነበር። ለየብቻ ገባን፤ እንዲያ ማድረግ ልማዳችን ነው። ግቢው ታምሷል። የጌታው ሠጋር በቅሎ ከመስክ ጠፍታለች። ባልደራሱ እንደ እብድ ይሮጣሉ፤ ጌታው የማሉት መሐላ ለጆሮ ይከብዳል።

በማግስቱ አውጫጭኝ ተጠራ። ግቢው ውስጥ ያለ ወንድ ሁሉ፣ በዙሪያው ያለው ገበሬም ጭምር፣ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ተቀመጠ። ሌባው እስኪታወቅ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። ያየ ሰው በግልጽ ካልደፈረ ወደ ተመረጡት ሽማግሌዎች ጠጋ ብሎ በጆሯቸው ይናገራል፤ ሽማግሌዎቹም «ወፍ ነገረችን» ይላሉ እንጂ ስሙን አያወጡም። እኔ ከወንዶቹ ጋር ልቀመጥ ስሄድ፣ «አንተ ደግሞ ወደ ሴቶቹ አትሄድም?» ብለው ሳቁብኝ። አሁንም አብሬ ሳቅሁ።

ከቀትር በኋላ ወፏ ተናገረች። በበዓሉ ቀን ከጠጅ ቤት የጠፋው ወንዳገረዱ ነው፤ ወደ የካ ሲወርድ ታይቷል፤ እናቱ ጫካው ሥር ስለሆነች በቅሎዋን እዚያ ደብቆ ይሆናል፣ አለች።

ያቺ ወፍ ማን እንደነበረች እስከ ዛሬ አላውቅም። ፊት ስለሌላት ቂም አልያዝሁባትም።

አውጫጭኙን የሚመሩት ዳኛ አስነሱኝ። «በዓሉን የት ዋልህ?»

«የካ ጫካ።»

«ምን ስታደርግ?»

ሳላስበው ዓይኔ ጠራቢዎቹ ወደተቀመጡበት ሄደ። እሱ ቀና ብሎ ይናገርልኛል ብዬ ጠበቅሁ። የሚናገረው ነገር የሚያሳፍር አልነበረም እኮ! «ለአዳራሹ ጥድ ስንመርጥ ዋልን» ቢል ያልቅ ነበር። ሁለት ሰው ዛፍ ቢመርጥ ማን ምን ይላል? እሱ ግን መሬት ላይ በስንጥር ይጭር ነበር።

«ተናገር እንጂ!» አሉ ዳኛው።

«ከጠራቢው ጋር ነበርሁ። ምሰሶ የሚሆን ዛፍ ስንመርጥ።»

የሰው ሁሉ አንገት ወደ እሱ ዞረ። ባልደራሱ ከጌታው አጠገብ ቆመው ነበር፤ የሳቸውም ዞረ። ከኋላ አንዱ፣ «ኧረ! ምሰሶው ተገኘ እንዴ?» ሲል ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ያን ጊዜ ወዳጄ ቀና አለ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«እውነት ነው?» አሉት ዳኛው።

«እኔ ከወንዳገረድ ጋር ምን ጉዳይ አለኝ?» አለ። ያን ስም ከአፉ ሰምቼው አላውቅም ነበር። «ዛፍ የመረጥሁት ብቻዬን ነው። እሱን አላውቀውም። ጠጅ ሲያጠል አይቼው እንደሆነ እንጃ።»

«ማል።»

«ንጉሡ ይሙት! አላውቀውም።»

እኔም ልማል እጄን ስዘረጋ፣ ከሕዝቡ መሐል «የወንድ መሐላ ነው የሚምለው የሴት?» አለ አንዱ። ዳኛው ራሳቸው ፈገግ አሉ። ሽማግሌዎቹ ተንሾካሾኩ። አሾፉም አላሾፉም መሐላዬን ሳይቀበሉኝ ቀሩ። የየትኛው ወገን እንደሆንሁ እስኪወሰን ቃሌ ዋጋ አልነበረውም፤ የሚወስነውም አልተገኘም። ሲስቁብኝ አብሬ የሳቅሁት ሳቅ ሁሉ ምን እንደነበረ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እስከዚያ ድረስ የታገሡኝ ምንም ነገር ስላልጠፋ ነበር።

በቅሎዋ ያለችበትን እንድናገር በጅራፍ ገረፉኝ። ስለ ግርፋቱ ብዙ አልልም። አንድ ነገር ብቻ፦ ከቆሙት መሐል እሱን ፈለግሁት። ባልደራሱ አጠገብ ቆሞ ነበር። አልሄደም፤ ዓይኑንም አልጨፈነም። ሰው እንዳይጠረጥረው እንደ ሰው ሁሉ ቆሞ ያይ ነበር።

ኋላ እጄን ከአንድ ወታደር እጅ ጋር በሰንሰለት አቆራኙኝ። «ዋስ ካለህ ጥራ» አሉኝ። የማን ስም ልጥራ? አብሬያቸው ያደግሁት የየካ ሰዎች እግራቸውን ማየት ጀመሩ። እናታቸውን ያስታመምሁላቸው፣ ለሠርጋቸው የፈተልሁላቸው ሁሉ እንዲያው አደረጉ። በዚህ መሐል እሜቴ ሴት በማይገባበት ሜዳ፣ ወገባቸውን በመቀነት እንዳሰሩ፣ እጃቸው ማር እንደ ነካ መጡ።

«ዋሱ እኔ ነኝ» አሉ።

«ሴት በእንዲህ ያለው ነገር ዋስ አትሆንም፣ እሜቴ» አሉ ዳኛው።

«እንዴት ሆኖ? ጠጄን ስትጠጡ ሴት ነች የጣለችው ብሎ የተፋ አላየሁም። ይህ ልጅ ያጠለለውንም ወንዳገረድ ነው ብሎ ዋንጫ የመለሰ የለም። ለመጠጣት ሰው ከሆንን ለዋስትናም ሰው ነን። እምቢ ካላችሁ ነገ ጋኑን እናንተው ክፈቱት።»

ጌታው ሳቁ። ጌታው ሲስቁ ዳኛውም ሳቁ። ሰንሰለቱ ተፈታ። በእውነት ሳይሆን በሳቅ ነፃ ወጣሁ።

በቅሎዋ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተገኘች። ገመዷን በጥሳ ተራራውን ተሻግራ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ከገበሬ ከብት ጋር ስትግጥ ነበር። ባለቤቱ እስኪመጣ ያቆያት ገበሬ ራሱ እየጎተተ አመጣት። ጌታው ሸለሙት። ለእኔ «አጥፍተናል» ያለኝ ማንም የለም። የሌብነቱ ስም ታጠበ፤ ያኛው ግን ባሰ። ድሮ ስሙ ብቻ ነበር፤ አሁን «ምሰሶው» የሚል ጨዋታ ተጨመረበት። ጠጅ ሳቀርብ ወታደሮቹ ዋንጫውን ከእጄ አልቀበል አሉ። እኔ ዘንድ መጥተው ያለቅሱ የነበሩት ሴቶች እንኳ፣ እኔ ስገባ ወሬያቸውን ያቋርጡ ጀመር። እሜቴ «ተቀመጥ፣ ይረሱታል» ቢሉኝም አልቻልሁም። እግራቸውን ስሜ ወደ እናቴ ወረድሁ።

እናቴ ጀርባዬን አየች። ምንም ሳትጠይቅ ውሃ አሙቃ አጠበችኝ። ስታጥበኝ በኦሮምኛ ታንጎራጉር ነበር፤ ልጅ ሳለሁ እንቅልፍ ሲነሳኝ ትለው የነበረውን። ሁሉንም ነገርኋት። ወዳጄን ስነግራት እጇ ለጥቂት ቆመ፤ መልሳ ማጠብ ቀጠለች።

በፋሲካው ማግስት ወዳጄ የባልደራሱን ልጅ አገባ። ከበሮው ከእንጦጦ እስከ እኛ ድረስ ይሰማ ነበር።

ዝናቡ ሊገባ ሲል አንድ ቀን ጎጇችን ደጃፍ ቆሞ አየሁት። አዲስ ኩታ ለብሷል። ልቤ፣ ሞኙ ልቤ፣ ዘለለ። ይቅርታ ሊጠይቀኝ የመጣ መሰለኝ። ዲያቆናቱ ሲያነቡ እንደሰማሁት ጴጥሮስም ክዶ ነበር፤ ኋላ ግን ወጥቶ መራራ ልቅሶ አለቀሰ። እሱም እንዲያ ሊሆን ነው አልሁ። እናቴ ማን መሆኑን ሳታውቅ «ኮቱ፣ ታኢ» ብላ፣ ና ተቀመጥ ማለቷ ነው፣ መደቡ ላይ አስቀመጠችውና ውሃ ሰጠችው።

«ደኅና ነህ?» አለኝ።

«እንዳየኸኝ።»

«በቅሎዋ ተገኘች፤ ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

«እንግዲህ ያለፈው አለፈ።» ውሃውን ጠጣና ዋንጫውን በእጁ ያዞር ጀመር። «አንድ ነገር ልለምንህ ነው የመጣሁ። የሚስቴ ወንድሞች አንድ እረኛ ያን ቀን ጫካው ውስጥ አብረን ሆነን አይቶን ኖሮ ነግሯቸዋል። መጥተው ቢጠይቁህ፣ ፈርቼ ስሙን ጠራሁ እንጂ ከእሱ ጋር አልነበርሁም በልልኝ።»

«ውሸታም ልሁንልህ?»

«አንተን ምን ይነካሃል? የአንተ ስም እንደሆነ ድሮም . . .» አለና ዋጠው።

አልጨረሰውም፤ እኔ ግን ጨረስሁት። ሜዳ ላይ ሲክደኝ ፈርቶ ነው ብዬ ለራሴ ስነግር ከርሜ ነበር። ሰው ሲፈራ አባቱንም ይክዳል። እዚህ ግን ዳኛ የለ፣ ሕዝብ የለ፣ ጅራፍ የለ። ከእናቴና ከእኔ በቀር የሚሰማው አልነበረም። የእኔ ስም ድሮም የተጣለ ስለሆነ የእሱን ቆሻሻ ብጨምርበት ምንም አይደለም ብሎ ሲያስብ ኖሯል። ከግንዱ ላይ አንድ ጋቢ ስንከናነብም፣ እጁን በቅቤ ሳሸውም፣ እንዲያ ሲያስበኝ ኖሯል።

እናቴ ያን ጊዜ ማን እንደሆነ ገባት። ከእሳቱ አጠገብ ተነሣችና በዚያ ለገበያ ብቻ በምትናገረው አማርኛ፣

«ልጄ ሲገረፍ አንተ የት ቆመህ ነበር?» አለችው።

ተነሥቶ ወጣ። ኩታውን እንኳ በደኅና አላጣፋም።

የሚስቱ ወንድሞች እውነትም መጡ። ሁለት ጎረምሶች፣ ጦር የያዙ፤ ከፈረስ ሳይወርዱ ጠየቁኝ። እናቴ ከኋላዬ ቆማለች። እውነቱን ብናገር ትዳሩ ይፈርሳል፤ ምናልባትም ያቆስሉታል። እሱ እንዳስጠናኝ ብናገር ሐሰተኛ ሆኜ እቀራለሁ። ሁለቱንም አላደረግሁም።

«የምትሉትን ሰው አላውቀውም» አልኋቸው።

እርስ በርስ ተያዩና ሄዱ። ያን ቃል የተናገርሁት እሱን ለማዳን ነው ወይስ ከልቤ፣ ዛሬም ብትጠይቁኝ ለይቼ አልነግራችሁም። ዕንባዬ ግን የወጣው ያን ዕለት ነው፤ በግርፋቱ ቀን አላለቀስሁም።

እንጦጦም ብዙ አልቆየ። እንጨቱ አለቀ፤ ብርዱ በረታ፤ መኳንንቱ ወደ ፍል ውሃው ሜዳ መውረድ ጀመሩ። ያ አዳራሽ ጣራው ሳይከደን ቀረ። ጠራቢዎቹ ወደ ታች ሄደው ቤት ሲሠሩ እሱም አብሮ ሄደ። እሜቴም ወረዱ፤ ግን አልረሱኝም፤ ሴቶቻቸውን ጥጥ አሸክመው ይልኩልኝ ነበር። ከሴቶቹ አንዷ፣ ድሮ እኔ ዘንድ መጥታ ታለቅስ የነበረችው፣ «አፈርሁብህ እኮ» ብላ እጄን ያዘች። ሌሎቹ ጥጡን አስቀምጠው ይሄዳሉ። እኔም እፈትላለሁ። አንዳንዱ ሰው በሥራዬ ይጠራኛል፤ አንዳንዱ በዚያኛው ስም። በዚያኛው ለሚጠራኝ «አቤት» ማለት ግን ትቻለሁ።

ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ በኅዳር ሚካኤል፣ የካ ደብር ታቦት ወጥቶ ሲገባ ከሕዝቡ መሐል ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ሚስቱ አብራው አለች፤ ትንሽ ሴት ልጅ በትከሻው ተሸክሟል። ጠጉሩ ሸበት ጀምሮታል። ሚስቱ ታውቀኝ ኖሯል፤ «እኚህ ናቸው እኮ፣ ያ ቀጭን ክር የሚፈትሉት» አለችው፤ በአክብሮት ነው። ያ ሜዳ ላይ የተገረፈው እኔ መሆኔን አላወቀችም፤ ወይም አላወቀችም ብዬ አስባለሁ።

እሱ አየኝ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ የማያውቁትን ትልቅ ሰው እጅ እንደሚነሡ፣

«እንደምን ዋሉ?» አለኝ።

እርስዎ አለኝ። ከአንድ ጋቢ ሥር አብሮኝ ይሞቅ የነበረ ሰው እርስዎ አለኝ። ቢሰድበኝ ኖሮ እንኳ ያውቀኛል እል ነበር።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልሁ። ሕዝቡ ገፋን፤ ተላለፍን። ልጅቱ በትከሻው ላይ ሆና ወደ ኋላ ዞራ ታየኝ ነበር።

ቤት ስደርስ እናቴ ፊቴን አየችና ምን ሆነህ ነው አለችኝ።

«ምንም» አልኋት። «ሰው ሰላም ብሎኝ ነው።»